ብረት የተሸከመች ጀልባ

ገዳሪፍ ባሕር የላትም። ሰሊጥና ማሽላ ያላት፣ ክረምት ሲገባ ጥቁር አፈሯ ጫማ የሚያወልቅ፣ በጋ ሲመጣ ደግሞ ያው አፈር እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያበጅባት የምድር ከተማ ናት። ወደ ቀይ ባሕር መውረድ የፈለገ ሰው በከሰላ በኩል ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ይጠብቀዋል። ስለዚህ በዚህች ከተማ የሚኖር አንድ ተርጓሚ፣ ለከባድ ባሕር የምትሆን እጅግ ትንሽ ጀልባ እንዴት እንደምትመረጥ ሊጽፍ ሲነሣ አንባቢ ቢገረም አይፈረድበትም። እኔም ፈልጌ የገባሁበት ጉዳይ አይደለም፤ በዝምድናና በሙያ የመጣብኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአጎቴ ልጅ እዚሁ ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገ፣ ኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ በኒውካስል ከተማ የሚኖር ሰው ነው። እዚያ ከባሕር ጋር ተዋወቀ፤ በሰው ጀልባ እየተሳፈረ ሸራ መዘርጋትና መጠቅለል ተማረ። በ2021 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የራሱን ጀልባ ገዝቶ፣ ሰሜን ባሕርን አቋርጦ፣ ኖርዌይ ለመድረስ ቆረጠ። ገንዘቡ የሚችለው ትንሽ ጀልባ ብቻ ነበር። በሱዳን ጦርነቱ ገና አልመጣም፤ ስልኩም እንደ ኋላው ዘመን አይቆራረጥም ነበርና ለአባቱ ደውሎ ‹‹አባባ፣ ይመርቁኝ›› አላቸው። አጎቴ ግን ‹‹ያላየኋትን ጀልባ አልመርቅም፤ ወረቀቷን ላክልኝ›› አሉ። ወረቀቷ በእንግሊዝኛ ነው፤ አጎቴ እንግሊዝኛ አያነቡም። እንግዲህ የእኔ ሥራ ከዚህ ይጀምራል።

አጎቴ ስለ ጀልባ የሚያውቁት በወሬ አይደለም። የዘጌ ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር እንጨትና ቡና በታንኳ አመላልሰዋል። ታንኳ ስል ወይጦዎች ከጣና ዳር ደንገል ቆርጠው፣ አድርቀው፣ በነዶ በነዶ አስረው የሚሠሩትን፣ አፍንጫው ወደ ላይ የተቆለመመውን ማለቴ ነው። ድንበር ተሻግረው ከመጡ በኋላም ጥቂት ዓመታት በፖርት ሱዳንና በሱዋኪን የቀን ሥራ ሠርተዋል። ወደ ስዌዝ የሚወጡ የፈረንጅ የሸራ ጀልባዎች ሱዋኪን ገብተው የሰሜኑ ነፋስ እስኪበርድ ሲጠባበቁ ያዩ ነበር። የቀይ ባሕር ሰሜናዊ ክፍል ነፋሱ ዓመቱን በሙሉ ባብዛኛው ከሰሜን ይነፍሳል፤ ወደ ላይ የሚወጣ ጀልባ ነፋሱን በግንባሩ ይዞ ነው የሚታገለው። ‹‹ከሳጥን የማይበልጡ ነበሩ፤ ግን በነፋሱ ላይ ይወጡ ነበር። እንዴት እንደሚወጡ ግን አንድም ቀን አልገባኝም›› ይላሉ አጎቴ።

የመጀመሪያው እንቅፋት ቃል ነበረ። ወረቀቱ ገና በሦስተኛው መስመር ‹‹ኪል›› ይላል። ኪል ከጀልባዋ ሆድ በታች ወደ ውሃው የሚወርድ፣ እንደ ዓሣ ክንፍ ቀጠን ያለ፣ ግን በብረት ወይም በእርሳስ የከበደ አካል ነው። ሁለት ሥራ አለው። ነፋስ ከጎን ሲገፋት ጀልባዋ ወደ ጎን እንዳትንሸራተት ውሃውን ይዞ ይቆማል፤ በዚህም የተነሣ በሰያፍ እየተመላለሰች ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ መውጣት ትችላለች። የሱዋኪኖቹ ምሥጢር ይኸው ነበር። ሁለተኛው ሥራ ክብደቱ ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ። ታንኳ ይህ ሁሉ የለውም። ጠፍጣፋ ሆዱን ውሃው ላይ አጋድሞ ይሄዳል፤ ነፋስ ሲመጣ ቀዛፊው ወደ ዳር ይሸሻል። ዕቃው በሌለበት አገር ቃሉ ባይኖር አይደንቅም። ‹‹አከርካሪ›› ብዬ አነበብሁላቸው። ‹‹አከርካሪ ጀርባ ላይ ነው፤ ይህ ሆድ ሥር ነው ትለኛለህ።›› ‹‹እንግዲያው ሥር እንበለው?›› ‹‹ሥር ያለው ነገር መች ይንቀሳቀሳል?›› ጥቂት አሰቡና ‹‹ብረት ነው አይደል? ብረቱ በለው›› ብለው ቋጩት። የቋንቋ ሰው ነኝና ከዚህ የተሻለ ቃል ይገኝ ነበር እላለሁ፤ ቢሆንም ከዚያ ቀን ወዲህ በቤታችን ‹‹ብረቱ›› እንደተባለ ቀረ።

ቃሉን ተስማማን፤ ሥራውን ማስረዳት ግን በአፍ አልሆነልኝም። የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውሃ ሞልቼ አንድ ባዶ የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ክዳኑን አጥብቄ ጣልሁበት። በጎኑ ተጋደመ፤ በጣት ሲነኩትም ዝም ብሎ ይሽከረከራል። አወጣሁና ሦስት ጣት ያህል አሸዋ ጨመርሁበት፤ ከድኜ መለስሁት። አሁን አንገቱን ወደ ላይ አድርጎ ቆመ። አጎቴ በመዳፋቸው ወደ ጎን ገፉት፤ ተነሣ። እስኪጠልቅ ደፈቁት፤ ሲለቁት ተነሣ። ሰማንያ የሚጠጋቸው ሰው እንደ ሕፃን ደጋግመው ደፈቁት። ከዚያ፣ እኔ ሳልነግራቸው፣ ክዳኑን ፈቱና እንደገና ደፈቁት። ጠርሙሱ ጥቂት አረፋ አወጣና ሳፋው ሥር ተቀመጠ።

‹‹ይኸውልህ›› አሉኝ። ‹‹ይህን ለልጄ ንገረው። ታንኳ ቢሞላም አይሰጥምም፤ ደንገል ነው። ይህች ግን ሲዘጉላት ትነሣለች፣ ሲከፍቱባት ትሞታለች። ብረት የሚያሸክማት ሰው ክዳኗንም ያስብላት።››

ከዚያ በኋላ ለትርጉሙ ስል ብዙ የባለሙያ ጽሑፍ አንብቤአለሁ፤ ከዚያች ሳፋ ያለፈ ቁም ነገር ግን እምብዛም አላገኘሁም። በነሐሴ 1979 ከእንግሊዝ ደቡባዊ ጠረፍ ተነሥቶ በአየርላንድ አጠገብ ያለውን የፋስትኔት ዓለት ዞሮ በሚመለሰው ውድድር 303 ጀልባዎች ተሳትፈው ነበር። ድንገተኛ ማዕበል መታቸውና 15 ተወዳዳሪዎች ሞቱ። 24 ጀልባዎች በመርከበኞቻቸው ተትተው ባሕር ላይ ቀሩ፤ ይሁንና የሰጠሙት አምስት ብቻ ነበሩ። ከዚያ አደጋ በኋላ በተደረጉ ምርመራዎች ሁለት ነገር ጎልቶ ወጣ። አንደኛው፣ ከጀልባዋ ርዝመት ከግማሽ ጥቂት የሚበልጥ ከፍታ ያለው ማዕበል ጎኗ ላይ ከተሰበረባት፣ ጀልባዋ የቱንም ያህል በጥሩ ሁኔታ ብትሠራ ሊገለብጣት ይችላል። የሰባት ሜትር ጀልባን አራት ሜትር ከፍ ያለ ሰባሪ ማዕበል ይበቃታል ማለት ነው፤ በሰሜን ባሕር ደግሞ ይህ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ እጅግ ትንሽ ጀልባ የሚመርጥ ሰው ‹‹ትገለበጣለች ወይ?›› ብሎ አይጠይቅም፤ አንድ ቀን ልትገለበጥ ትችላለችና። የሚጠይቀው ‹‹ስትገለበጥ ትነሣለች ወይ? እስክትነሣስ ውሃ አይገባባትም ወይ?›› ብሎ ነው። ሁለተኛው ነገር እንግዳ ይመስላል፤ ሰፊና ቀላል ጀልባ ቀጥ ብላ ስትቆም እንደምትረጋ ሁሉ ተገልብጣም ትረጋለች። ጠባብና ብረተ ከባድ ጀልባ ግን ገና እግር ሲያስገቡባት ታዘነብላለች፤ ስትገለበጥም በዚያው ጠባይዋ ተገልብጣ መቆየት አትችልም፣ ብረቱ ጎትቶ ይመልሳታል።

አጎቴ ይህን ስነግራቸው አልተደነቁም። ‹‹ጣናም እንዲሁ ነው›› አሉ፤ ‹‹ጥልቀት የለውም፤ ማዕበሉ አጭርና ቁልቁል ነው። ጥልቅ ውሃ ያነሣሃል፣ ጥልቀት የሌለው ይመታሃል።›› እውነትም ጣና ጥልቅ በሚባልበት ስፍራ 14 ሜትር ገደማ ነው። ሰሜን ባሕርም ከውቅያኖስ ጋር ሲነጻጸር ገበታ ነው፤ አማካይ ጥልቀቱ ከ100 ሜትር አይበልጥም። እኒህ ሰው በሕይወታቸው ያላዩትን ባሕር በጠባዩ ያወቁት መሰለኝ።

በመጨረሻ ለምርጫ የቀሩት ሁለት ጀልባዎች ነበሩ። አንደኛዋ ስድስት ሜትር ተኩል የምትረዝም፣ ሰፊ፣ አዲስ መሰል የፋይበርግላስ ጀልባ ናት። መስኮቶቿ ትልልቅ፣ ውስጧ ብሩህ፣ አራት ሰው የምታስተኛ፤ ብረቷም ጥልቀት በሌለው ቦታ ወደ ላይ የሚነሣ። የአጎቴ ባለቤት ፎቶዋን አይተው ‹‹ይህችኛዋ ቤት ትመስላለች›› ብለው ወደዷት። ሁለተኛዋ ‹‹ፎክቦት›› ናት፤ ትርጉሙ ‹‹የሕዝብ ጀልባ›› እንደማለት ነው። በ1942 በስዊድን፣ ተራ ሰው በአቅሙ ሊገዛት የሚችል ጀልባ ትሠራ ተብሎ የወጣች ንድፍ ናት። ርዝመቷ 7 ሜትር ከ64 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዷ 2 ሜትር ከ20 ብቻ። ሳንቃዎቿ እንደ ቤት ክዳን አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው የተመቱ ናቸው። ውስጧ ጨለማ ነው፤ ጎንበስ ካላሉ አይገባባትም። ከጠቅላላ ክብደቷ 1,930 ኪሎ ውስጥ 1,050 ኪሎው ብረቱ ነው። ከግማሽ በላይ! ይህን ቁጥር ሳነብላቸው አጎቴ አስደገሙኝ።

ሦስት ሳምንት ያህል በዚህ ላይ ተከራከርን። ልጁ ራሱ ያመነታ ነበር፤ አዲሲቱ ምቹ ናት፣ አሮጊቷ ሥራ ትፈልጋለች። ወረቀቶቹን ሳገላብጥ ግን አንድ ነገር አገኘሁ። አውሮፓውያን ጀልባዎችን በ‹ኤ›፣ በ‹ቢ›፣ በ‹ሲ›ና በ‹ዲ› ይመድባሉ። ‹ኤ› የውቅያኖስ ናት፤ ‹ቢ› እስከ 4 ሜትር ማዕበል፤ ‹ሲ› እስከ 2 ሜትር ማዕበል፣ ከጠረፍ ብዙ ላልራቀ ጉዞ። ብሩሂቱ ጀልባ ‹ሲ› ናት። አሮጊቷ ሕጉ ከመውጣቱ አስቀድማ የተሠራች በመሆኗ ምንም ምድብ የላትም። (ብትመደብም ‹ኤ› አትሆንም፤ ለ‹ኤ› ክብደቷ ከ3 ቶን በላይ መሆን አለበት። ውቅያኖስ ያቋረጡ ስንት ትንንሽ ጀልባዎች በዚህ ሚዛን ይወድቃሉ!) አጎቴ ይህን ሲሰሙ ‹‹አንደኛዋን ሠሪዋ ራሱ አትሂድ ብሏታል። ለሁለተኛዋ ማን መሰከረላት?›› ብለው ጠየቁ።

ምስክር ፈልጌ አመጣሁላቸው። እንግሊዛዊው ሐስለር ‹‹ጄስተር›› የምትባል፣ በፎክቦት ንድፍ ላይ ተመሥርታ የተሠራች ጀልባ ነበረችው። ሰውዬው የሸራውን ዓይነት ለውጦ፣ የላይ ወለሏን ደፍኖ፣ ሸራውን ሁሉ በአንዲት ክብ ቀዳዳ ብቅ ብሎ እንዲቆጣጠር አደረገ። ባጭሩ ክዳኑን አሰበላት። በ1960 በመጀመሪያው የብቸኛ መርከበኞች የአትላንቲክ ውድድር ብቻውን በ48 ቀን ኒውዮርክ ገብቶ ሁለተኛ ወጣ። ኤለን ማክአርተር ገና 18 ዓመቷ ሳለ፣ በ1995፣ ከ6 ሜትር ተኩል በማትሞላ ጀልባ ብሪታንያን ብቻዋን ዞረች። ሼን አክተን የሚባለው ደግሞ በ1972 ከእንግሊዝ ተነሥቶ፣ 18 ጫማ በምትረዝም ጀልባ ምድርን ዞሮ በ1980 ተመለሰ፤ የእርሱ ጀልባ ግራና ቀኝ ሁለት አጫጭር ኪሎች ስላሏት ውሃው ሲሸሽ ጭቃ ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። የማያምር ነገር አልደበቅሁም፤ ጄስተርም በ1988፣ በሌላ ባለቤት እጅ ሳለች፣ በዚያው ውቅያኖስ ጠፍታለች፤ ሰውዬው ግን ተርፏል። አጎቴ ከሁሉ ይልቅ የወደዱት ይህን የመጨረሻውን ነው። ‹‹ሰውዬው ተርፏል አልህ? እንግዲያው ሥራዋን ሠርታለች›› አሉ።

እዚህ ላይ ከሰሜን ባሕር ጥቂት ልራቅ። በኅዳር 2020 ሐምዳይት ነበርሁ፤ ተከዜ፣ ሱዳን ሲገባ ሰቲት በሚባልበት ዳርቻ፣ ለእርዳታ ሠራተኞች ሳስተረጉም። ከሑመራ በኩል የሚመጣው ሕዝብ በትንንሽ ጠፍጣፋ ጀልባዎች ይሻገር ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ምሥራቅ ሱዳን የገባው ከ60,000 በላይ ነው። ጀልበኞቹ በዐረብኛ ‹‹ኡግዑዱ! ኡግዑዱ!›› እያሉ ይጮኻሉ። አንዲት እናት ልጅ አዝላ፣ የተወችውን ዳርቻ ለማየት ቆማ ዞራ ነበር። ‹‹እኅቴ፣ ተቀመጪ ነው የሚሉሽ›› ብዬ ከዳር ጮኽሁ። ያን ጊዜ ቁጣ መስሎኝ ነበር የሰማሁት፤ ከሳፋው በኋላ ግን ጀልበኞቹ የሚሉት ምን እንደሆነ ሌላ ትርጉም አገኘሁለት። ብረት በሌላት ጀልባ ውስጥ ከታች መክበድ ያለበት ሰው ነው። ሰው ሲቆም ክብደቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጀልባዋም የላይኛውን ተከትላ ትዞራለች። በነሐሴ 2025 በየመን በአብያን ጠረፍ ከ150 በላይ ሰዎች የጫነች ጀልባ ተገልብጣ አብዛኞቹ፣ ባብዛኛው ኢትዮጵያውያን፣ ሲያልቁ ዜናውን የሰማሁት በዚሁ ጆሮ ነው። እነርሱ ጀልባ አልመረጡም፤ የሚቀመጡበት ቦታም አልነበራቸውም። የአጎቴ ልጅ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ብረት መከራከር መቻሉ ምን ያህል ሀብት እንደሆነ የገባኝ በዚህ ነው።

ወደ ጉዳያችን ልመለስ። አጎቴ ወደ አሮጊቷ ካዘነበሉ በኋላም የክዳኑ ነገር አልለቀቃቸውም። ደንገል አይሰጥምም የሚሉት እምነት ከባድ ማስረጃ እንዳለው እኔው ራሴ ነገርኋቸው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ከጣና ያስቆረጠውን ደንገል ግብፅ ድረስ አስጭኖ፣ ከጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ከቻድ ሐይቅ በመጡ ሠሪዎች ‹‹ራ›› የምትባል ጀልባ አሠራ። በግንቦት 1969 ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ ተነሣ። የኋላ ጫፏ ውሃ እየጠጣ ቢዘቅጥም ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ተጉዛ ነው መርከበኞቹ የተዉአት። በሚቀጥለው ዓመት፣ በቦሊቪያ የቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች የታሰረችው ‹‹ራ 2›› በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች። የእርሷም ደንገል ከኢትዮጵያ የሄደ ነው። አጎቴ ይህን ከዚያ በፊት ሰምተውት አያውቁም ነበር። ‹‹የእኛ ደንገል?›› አሉና ዝም አሉ። ቀጥለውም ‹‹ይጠጣል እኮ! ሁለት ወር ከሞላው እኛ ለማገዶ ነበር የምናደርገው›› አሉ።

ከዚያ ጥያቄያቸው መጣ፦ ብረት የተሸከመችውን ጀልባ እንደ ደንገሉ የማትሰጥም ማድረግ አይቻልም ወይ? ይህን አስልቻለሁ። 1,050 ኪሎ የሚመዝን ብረት ውሃ ውስጥ ሲገባ 900 ኪሎ ገደማ ነው የሚከብደው። ስለዚህ ብረቱን ብቻ ለመሸከም 900 ሊትር ያህል አየር ወይም አየር ያዘለ ነገር ያስፈልጋል፤ እንጨቱ ራሱ ተንሳፋፊ ስለሆነ ከዚህ ላይ የተወሰነውን ይቀንሳል። አሁን 900 ሊትርን በቤታችን መስፈሪያ አስቡት፤ አራት ትልልቅ በርሜል ከግማሽ ነው። ያቺን ጠባብ ጀልባ አራት በርሜል ተኩል ከሞሏት ሰውዬው የት ሊተኛ ነው? ይሁንና የሚያደርጉት አሉ። ሮጀር ቴይለር የተባለው እንግሊዛዊ ‹‹ሚንግሚንግ›› የተባለችውን ትንሽ ጀልባውን ፊትና ኋላዋን ዘግቶ በፎም ሞልቶ፣ ለራሱ መሐሏን ብቻ አስቀርቶ፣ ወደ ሰሜን በረዷማ ባሕሮች ተጉዞባታል። ምቾት የሚባለው ነገር ተቆርጦ የሚወጣው ከዚህ ነው፤ በትንሽ ጀልባ ውስጥ እያንዳንዱ ሊትር ወይ ለሰው ነው፣ ወይ ለመንሳፈፍ።

ልጁ በስልክ ሰምቶ መሐል መንገድ ላይ ተስማማ። አፍንጫዋንና ጅራቷን በሳንቃ ዘግቶ በፎም ሊሞላ፤ የመግቢያውን መዝጊያ በወፍራም ሳንቃ ሊያሠራና ከውስጥም ከውጭም የሚቆለፍ ሊያደርገው፤ ሰው የሚቀመጥበትን የኋላ ጉድጓድ አሳንሶ ውሃው ቶሎ እንዲፈስ ቀዳዳውን ሊያሰፋ። አጎቴ ‹‹ደግ›› አሉ፤ ምርቃቱን ግን ገና አልሰጡም። የቀረ አንድ ነገር ነበራቸውና። የመርማሪው ወረቀት መጨረሻ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል፣ ብረቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች ተነቅለው አልታዩም የሚል ቃል አለ። እኔ እንደ ተራ የማስጠንቀቂያ ቃል አንብቤ ላልፍ ስል አስቆሙኝ። ‹‹ቆይ። ብረቱን የያዘው ምንድን ነው አልህ?›› ‹‹ብሎን ነው፣ ጋሼ።›› ‹‹ብሎኑስ ከምን የተሠራ ነው?›› ‹‹ከብረት።›› ‹‹በጨው ውሃ ውስጥ ስንት ዓመት?›› ‹‹ስድሳ ሊሞላው ነው።›› ‹‹ይነቀል።››

በመጋቢት 2022 ፎቶው መጣ። ከወጡት ብሎኖች አንዱ፣ ሁለት ጫፉ ደህና ሆኖ፣ እንጨቱና ብረቱ በሚገናኙበት ወገቡ ላይ እንደ ተበላ ከዘራ ቀጥኗል። ከላይ ሲታይ እኮ ምንም አይልም ነበር፤ ራሱ ቀለም ተቀብቷል። ሁሉም ብሎኖች ተለወጡ። አጎቴ ፎቶውን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው አዩና፣ ስልኩን ተቀብለው፣ ረጅም የዘጌ ምርቃት መረቁት። ያን አልተረጐምሁም፤ ልጁ አማርኛ ያውቃል።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሄደ። በአምስተኛው ቀን ከኖርዌይ ጠረፍ ደወለ። የአጎቴ ባለቤት እያለቀሱ ስለ ጤናው ጠየቁት። አጎቴ ተራቸው ሲደርስ ‹‹ስንት ባልዲ ውሃ አወጣህ?›› አሉት። ‹‹በመጀመሪያው ቀን አሥራ ሁለት። ሳንቃዎቹ ውሃ ጠጥተው ሲያብጡ እየገጠሙ ሄዱ፤ ትናንት ሁለት ብቻ።›› አጎቴ ቁጥሮቹን እኔን አስጽፈው፣ ወረቀቱን ከመርማሪው ወረቀት ጋር አጥፈው ሳጥናቸው ውስጥ አኖሩት።